ደህናውን መነጽር ባሕር ጣለው

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ፀሐዬ አለማየሁ፤

አባትና እናታችንን ያሳረፈ ጌታ አንተንም ከነቤተሰብህ በሰላሙ ይጠብቅልኝ። እንዴት ከርመሃል? ያ የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ፓምፑን ስትጠመዝዝ የሚያምህ ትከሻህስ ተሻለህ ወይ? ንግሥት እንዴት ናት? መሠረትስ ቁመቷ እናቷን አለፈ ወይስ ገና ነው? አማትህ ወይዘሮ ይርጋለም የአሰቡን ውሃ ለመዱት ወይስ እስከ ዛሬ «ጨው ጨው ይላል» እያሉ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ? እኛ ለጠያቂ የሚነገር ያህል ደህና ነን። ነገራ ጋራዡ ይውላል፣ እሌኒ ትማራለች፣ ዶሮዎቼም ይጥላሉ። ከዚህ አልፌ ደህና ነን ብዬ ብምልልህ ግን ውሸቴን ነው።

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አላመንኩትም። የያዘልህ ሰው መሸሻ ይባላል፤ የነገራ የልጅነት ጓደኛ ነው፣ የጭነት መኪና ይዞ አሰብ የሚመላለስ። እንደ ወንድሜ አምነዋለሁ፤ አንተም እመነው። ብቻህን ሆነህ አንብበው፣ ለንግሥት በቃልህ ንገራት፣ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ክተተው። የእህቴ እጅ ነው ላስቀምጠው እንዳትል። ጽሕፈቴ እንደሆነ ያው የዶሮ ጭረት ነው፤ ብታስቀምጠው ማንም አያደንቅልህም።

ያለፈው ደብዳቤህ ደርሶኛል። በሌላ ዘመን ቢሆን እየደጋገምኩ አንብቤ ትራሴ ሥር አደርገው ነበር። ከሥራ ስትወጣ የአባባን የሩቅ ማያ መነጽር አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ጨው ወደሚረጋበት ኩሬ ዳር እንደምትሄድ ጽፈህልኛል። እግረ ረጃጅሞቹ ሮዝ ወፎች ኩሬውን እንደ ምንጣፍ ሸፍነውታል ብለሃል። ጭቃው ላይ የሚሮጡት ትንንሾቹም ከባሕሩ ማዶ ደርሰዋል፣ ሽመላዎቹም እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ በነከረው ጫካ ላይ አርፈው ተቃቅፈው ያድራሉ ብለሃል። ይህን ሁሉ ሳነብ ልቤ እዚያው አንተ ጋ ነበር። ከዚያ መጨረሻው ላይ ምን አልከኝ? «መነጽሩን ትንሽ ከፍ ባደርገው የመርከቡ ገመድ ሳይቀር ተቆጠረልኝ» አልከኝ። ፀሐዬ፣ እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ደብዳቤህን አጥፌ ተነሥቼ በሩን ቀረቀርኩ። በዚህ የጦርነት ወቅት፣ ወደብ ዳር፣ አንገቱ ላይ መነጽር ያንጠለጠለን ሰው ወፍ ሊያይ ነው የሚለው ማን ነው? ማንስ ጠይቆ፣ ማንስ መልሶ?

ፈሪ ሆነች በለኝ ግድ የለም። ከልጅነታችን ጀምሮ ከሁለታችን ደፋሯ እኔ እንደነበርኩ ታውቃለህ። ዛፍ ላይ የምወጣው እኔ፣ ከታች ሆነህ «እቴ ውረጂ» እያልክ የምታለቅሰው አንተ። አሁን እኔ ነኝ ከታች ሆኜ የማለቅሰው። ለምን እንደሆነ እንድታውቅ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። ለባሌ ለነገራ ካልሆነ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ቅጠል ተሸካሚዋ ብርቅነሽ በበራችን ስታልፍ ሸክሟን እንዳዘለች ቆም ብላ፣ «እትዬ የሺሀረግ፣ እንግዶችሽ መጥተዋልኮ» አለችኝ። ከሸጎሌ በላይ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ጡብ ሠሪዎች አፈር ያወጡበትን ጉድጓድ ታስታውሰዋለህ። ዘንድሮ ክረምቱ ስለበረታ እስከ አፉ ሞልቷል። አባባ «ማንኪያ አፍ» የሚላት ያቺ አፈ ሰፊ ዳክዬ ሞልታዋለች፣ ቢጫዋ ጭራ ነቅናቂም ዳር ዳሩን ትላለች አለችኝ። ነገራ ይህን ሰምቶ፣ «ዘንድሮስ ይቅርብሽ፤ ወፎቹ እንደሆነ አንቺን ብለው አልመጡም» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የተኩስ ድምፅ ስሰማና የሰው ለቅሶ ሳዳምጥ ከርሜ፣ አንድ ጠዋት እንኳ የክንፍ ድምፅ ልስማ ብዬ እምቢ አልኩት።

መነጽሬን ታውቀዋለህ። አባባ ሲያርፍ አንተ ወንዱ ልጅ ደህናውን ወሰድክ፣ ለእኔ ያ የሚሲዮኑ ዶክተር ጥሎት የሄደው አሮጌው ደረሰኝ። ግራ ዓይኑ ነጭ ሞራ ለብሷል፤ የቀኙም መስታወት ላልቶ ወደ ውጭ ይወጣል። አባባ እንዳሳየን በአውራ ጣት ወደ ውስጥ ተጭነህ፣ ግራ ዓይንህን ጨፍነህ ካላየህበት በቀር ጉም ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት አሰሳ ጊዜ የዶሮዎቹ ቆጥ ሥር ቀብሬው ነው የተረፈው። አወጣሁት፣ አጠብኩት፣ ጋቢዬ ውስጥ ሸጉጬው ከብርቅነሽ ጋር ወጣሁ።

ብርቅነሽ ቅጠሏን ልትጠርግ ወደ ላይ ስታልፍ እኔ ኩሬው ዳር ግንድ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ውይ ፀሐዬ! ማንኪያ አፎቹ አፋቸውን ውሃው ላይ እያንሸራተቱ ክብ ሠርተው ሲዞሩ ብታይ። ከመሐላቸው አንዱ ወንድ አንገቱ እንደ ሐር አረንጓዴ ያበራል። ትንሽ ዕድሜ የጨመርኩ መሰለኝ። አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ ተጭኜ አየሁ።

ከዚያ በድንገት ሁሉም ተነሡ። ውሃው ተናወጠ፣ ኩሬው ባዶ ቀረ። ምን አስደነገጣቸው ብዬ ቀና ስል፣ ከኩሬው ማዶ ከባሕር ዛፉ በላይ ጥንብ አንሳዎች ይዞራሉ። አንዱ ወረደ፣ ሌላው ተከተለው። ጥንብ የሚወደው አንድ አባ ኮዳም መጥቶ ዛፉ ጫፍ ላይ ቆመ። እዚያ አካባቢ ቄራ የለም፣ የሞተ ከብት የሚጣልበትም አይደለም። መነሣትና መሄድ ነበረብኝ። ግን ታውቀው የለ፣ እኛ የአለማየሁ ልጆች ወፍ ሲወርድ ካየን የወረደበትን ሳናይ አንሄድም። አባባ ያስለመደን ነው። እጄ ራሱ መነጽሩን ወደዚያ አዞረው።

ከረገፈው ቅጠል ሥር ሸራ ጫማ ታየኝ። ጫማው ባዶ አልነበረም። ከእሱ ወዲያም ሌላ እግር ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍልህም፤ ወረቀቱም ይከብደዋል።

መነጽሩን እንዳወረድኩ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ሦስት የአብዮት ጥበቃ ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ የጎረቤቴ የወይዘሮ ደሳለች ልጅ ዓለሜ ነው። ያ ትንሹ ዓለሜ ዛሬ ጢም አውጥቷል፣ ጠመንጃ ይዟል። ረጅሙ፣ አለቃቸው መሰለኝ፣ «አሮጊት፣ ምን እያየሽ ነው?» አለኝ። አሮጊት አለኝ እኮ! እኔም አፌ አያርፍ፣ «አሮጊትስ እናትህ፣ ዳክዬ ነው የማየው» ልል ብዬ የመጀመሪያውን ዋጥኩት፣ «ዳክዬ» ብቻ አልኩ። ዳክዬ ደግሞ የታለ? ኩሬው ባዶ ነው። «በረሩ» አልኩት። «ከየት የመጡ ናቸው?» ሲለኝ ደንግጬ አባባ የሚለንን መለስኩለት፣ «ክረምቱ ሲበረታባቸው ከሞስኮብ አገር የሚመጡ ናቸው» አልኩት። ሦስቱም ተያዩ። አንደኛው ሳቁ አመለጠውና፣ «እንግዲያማ ጓዶች ናቸዋ!» አለ። ረጅሙ ግን አልሳቀም።

መነጽሩን ነጠቀኝና ሁለቱንም ዓይኖቹን ገጠመበት። ወደ ጫካው አዞረው። «ጉም ነው እንጂ ምንም የለም» አለ። ለሁለተኛው ሰጠው፤ እሱም አዟዟረው፣ ገለበጠው፣ «ይህ ጨልሟል» አለ። ረጅሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጫካው ውስጥ ምን አየሽ?» አለኝ። «በዚህ ዕውር ዕቃ ምን ይታየኛል ልጄ? ያባቴ መታሰቢያ ሆኖብኝ ነው የማንጠለጥለው» አልኩት። ይህን ስል እጆቼን ጋቢዬ ውስጥ ቆልፌ ነበር።

ከዚያ ለዓለሜ ሰጠው።

ፀሐዬ፣ ዓለሜ በልጅነቱ ቤቴ ነው ያደገ ማለት ይቻላል። ቢጫዋ ጭራ ነቅናቂ በመጣች ቁጥር ግቢያችን ውስጥ እኔ ጭን ላይ ተቀምጦ በዚያው መነጽር ነው ያያት። «በአውራ ጣትህ ጫን፣ ግራህን ጨፍን» እያልኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያንን ትንሽ ጣቱን እዚያ መስታወት ላይ ስንቴ አድርጌለት! እንግዲህ አልቆልኛል አልኩ። መነጽሩን አንሥቶ ዓይኑ ላይ አደረገ። አውራ ጣቱን አየሁት። አልተጫነም። ዘርግቶ ይዞታል። ሁለቱንም ዓይኖቹን ገልጦ ወደ ጫካው ትንሽ ቆየና፣ «ምንም አይታይም፤ ዕውር ነው» አለ። ፊቴን ሳያይ መለሰለት።

ረጅሙም፣ «አሮጊቷ በዕውር መነጽር ዳክዬ ትጠብቃለች» ብሎ ተሳለቀብኝ። «ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ» አለኝ። መነጽሩን ግን አልመለሰልኝም፤ «ለቀበሌው ሊቀ መንበር ልጅ መጫወቻ ይሆነዋል» ብሎ ትከሻው ላይ ጣለው። እኔም እግሬ መሬት ሳይነካ ቤቴ ገባሁ። ደጃፌ ላይ ስደርስ ነው አውራ ጣቴ እንደታጠፈ መቅረቱን ያየሁት።

ከዚያን ቀን ወዲህ እንዴት እንደምኖር ምን ልበልህ። መኪና ሰፈራችን ሲቆም የወጡን ማማሰያ እይዛለሁ እንጂ አላማስልም። ጸሎት ቤት ስገባ ዘማሪዎቹን ሳይሆን በሩን አያለሁ። በመንገድ የሚያልፉትን ልጆች ፊት ማየት ትቼ እግር እግራቸውን አያለሁ፤ ሸራ ጫማ ያደረገ ካለፈ ቆሜ በዓይኔ እሸኘዋለሁ። የእነዚያ ልጆች እናት ዛሬም በር በር ታይ ይሆናል። እኔ የት እንዳሉ አውቃለሁ፣ ግን እናታቸው ማን እንደሆነች አላውቅም። ባውቅስ ሄጄ እነግራት ነበር ወይ? እንጃ። እሌኒ «እማዬ፣ ዘንድሮ ወፍ አናይም?» ስትለኝ ተቆጣኋት። እናት፣ ልጇ ወፍ ልይ ስላለች ስትቆጣት አስበው።

አሁን ነገሬ ገብቶሃል? እኔን ያተረፈኝ የመነጽሬ ዕውርነት ነው፣ አንድ ልጅም ጣቱን ስላልተጫነ ነው። ያንተ መነጽር ግን ደህና ነው። ማንም አንሥቶ ዓይኑ ላይ ቢያደርገው ያያል። መርከቡን ያያል፣ ገመዱን ያያል፣ ወታደሩን ከነቁልፉ ያያል። «ሮዝ ወፍ ነው የማየው» ብትል ያንተን ቃል ማን ይሰማል? እዚያ ደግሞ ዓለሜ የለህም።

ስለዚህ ወንድሜ ጣለው። አትሽጠው፤ የገዛው ሰው ከማን ገዛህ ይባላል። ለጓደኛ አትስጠው፤ ጓደኛህን ታስገድለዋለህ። አትቅበረው፤ አንድ ቀን አፈሩ ይነሣል። የአባባ ነው ብለህ አትሳሳ። አባባ ቢኖር በገዛ እጁ ይጥለው ነበር። ማሰሪያው ላይ ድንጋይ እሰርና ፓምፑ ባሕሩን ከሚስብበት አልፈህ፣ ጥልቁ ውስጥ ልቀቀው። የጠየቀህ ሰው ካለ ወደቀና ተሰበረ በል። ሥራህን ጨርሰህ ስትወጣም ወደ ወደቡ በኩል ያለውን ኩሬ ተወው፤ በቤትህ በኩል ባለው መንገድ ሂድ። ዓይንህን ግን ከሰማይ ንቀል አልልህም፤ እሱን ብልህም አትሰማኝም።

አባባ ያንን ዶክተር ሳያውቅ በፊትስ ወፍ ያይ አልነበረም? ታስታውሳለህ፣ ሣሩ ላይ በጀርባችን አስተኝቶ ዓይናችንን ያስጨፍነናል። ጆሮህን በመዳፍህ ከልለህ ክንፉን ብቻ ስማ። ሲበር አንገቱን ወደ ፊት የሚዘረጋ ከሆነ ሽመላ ነው፣ የሚያጥፍ ከሆነ አይደለም። ትንንሾቹን በሩጫቸው ትለያቸዋለህ፤ እየሮጠ ድንገት የሚቆመው አንድ ነው፣ ሳይቆም ጭቃውን የሚወጋው ሌላ ነው። ውሃው ላይ የሚያልፈውን ጥላ እይ። ለዚህ ዕቃ አያስፈልግም፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ የቆመን ሰው ደግሞ ማን ምን ይለዋል? የደከመው ሠራተኛ ነው ብለው ያልፉታል።

መልስህን በወረቀት አትላክልኝ። ስለ ወፍ አንዲት ቃል አትጻፍ። መነጽሩን ከጣልከው ለመሸሻ ከኩሬህ አንድ ጭብጥ ጨው ስጠው፤ ጨው ከመጣልኝ እንደጣልከው አውቃለሁ፣ ያን ቀን እንቅልፍ እተኛለሁ። እምቢ ካልክም ባዶ እጁን ይምጣ፣ አትዋሸኝ።

ንግሥትን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ እኔ ነኝ የለመንኩህ በላት፣ እንዳትቆጣህ። መሠረትን አክስትሽ በትምህርትሽ በርቺ፣ ሰልፍ ውስጥ ከፊትም ከኋላም አትሁኚ ብላሻለች በላት። ለወይዘሮ ይርጋለም ጉልበታቸውን ስሜያለሁ፤ ለእርስዎ ብዬ የደበቅኩት በሶ በመሸሻ እጅ መጥቶልዎታል በልልኝ። የሥራ ባልደረቦችህን በደፈናው ሰላም በል፣ ስም አልጠራም። ነገራ ወንድሜ እያለ ይስምሃል። እሌኒም አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች፣ ከላይ የጻፍኩትን ግን አላነበብኩላትም።

ፀሐዬ፣ ደብዳቤውን አጥፌ መሸሻን ስጠብቅ ሳለ ወይዘሮ ደሳለች መጣችብኝ። ዓለሜ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ቤት አልገባም፤ ቀበሌ ምግብ ብትወስድለት እዚህ የለም ብለው መለሱላት። አብሬያት እስከ መንገዱ ወጣሁ። የቀበሌው በረንዳ ላይ ሊቀ መንበሩ ቆሟል፣ መነጽሬን ይዟል። የሚጫወትበት ልጅ ሳይሆን ራሱ ነው። ግራ ዓይኑን ጨፍኗል። አውራ ጣቱን መስታወቱ ላይ ተጭኗል። ወደ ጫካው ነበር ያዞረው፤ ረጅም ጊዜ አየበትና አወረደው፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። እኔ ደሳለችን በክንዷ ይዤ ዞርኩ። ያንን ጣት ያሳየው ዓለሜ ነው፤ ወዶ ይሁን ተገዶ ግን እግዚአብሔር ነው የሚያውቅ። ለእሷ ምንም አልነገርኳትም። ያ ልጅ ስለ እኔ ብሎ ጣቱን ዘርግቶ ነበር። ዛሬ ስለ እሱ ብዬ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

እንግዲህ መነጽሩ እንደሚያይ፣ እኔም ያን ቀን እንዳየሁ አውቀዋል። ነገራ ከጋራዡ ጠርቼው መጥቷል፤ ከእሌኒ ጋር ዛሬውኑ በእንጦጦ ተሻግረን ወገኖቹ ዘንድ ሱሉልታ ልንሄድ ነው። ለጎረቤት ለቅሶ ነው ብለናል። የያዝነው ጋቢና ስንቅ ብቻ ነው፤ ዶሮዎቹን ለደሳለች ትቼላታለሁ። ጨዉን መሸሻ ለብርቅነሽ ይሰጣታል። እሷ በየቀኑ እንጦጦ ትወጣለች፤ ከቅጠል ገመዷ ጋር ቋጥራ ታደርስልኛለች። እሷን የሚፈትሽ የለም፣ ሸክሟን እንጂ ፊቷን አይቶ የሚያውቅም የለ።

እኔ እዚያ እንጦጦ ኮረብታ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ዘንድሮ ወፍ አልጠብቅም፤ ጨው ነው የምጠብቅ። አደራህን ባዶዋን እንዳትመጣ።

እህትህ የሺሀረግ አለማየሁ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 27 ቀን 1970 ዓ.ም.